ጠጥተህ ንገር

ከታች አንጓ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ሾላዎቹ ከሁለቱም ዳር ጥላቸውን በሚጥሉበት ቦታ ያለው የአንጓ ወንዝ መሻገሪያ «ጠጥተህ ንገር» ይባላል። መንግሥት በካርታው ላይ ሌላ ስም ሰጥቶታል አሉ፤ ይስጠው። በዚህ መልካ ላይ አንድ ደንብ አለ። ስለ ወንዙ ውሃ መናገር የፈለገ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ይጠጣል፤ ከዚያ ይናገራል። ሳይጠጣ አፉን ከከፈተ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ አንድ ላይ «ጠጥተህ ንገር!» ይለዋል። ልብ አድርጉ፣ «ጠጥተው ይንገሩ» አይባልም። ቄስ ቢሆን ሹም፣ አማት ቢሆን የነፍስ አባት፣ እዚህ መልካ ላይ አንቱታ የለም። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ «ምን ዓይነት ባለጌዎች ናቸው» ብሎ ተቀይሞ የሄደም አለ።

ባለጌስ እኛ አይደለንም። ባለጌው ማን እንደነበረ አባቶቼ እንደነገሩኝ ልንገራችሁ። እኔ የታች አንጓ ሰው ነኝ፤ የላይ አንጓ ሰዎች ታሪኩን በሌላ መንገድ ያወሩታል፤ የእነሱን ከእነሱ ስሙ።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ላይ አንጓን የሚገዛው ቀኛዝማች ጓንጉል የሚባል ባላባት ነበር። ለጭፍራው ኮርቻና ጋሻ ያስፈልገዋልና ከወንዙ ዳር፣ ውሃው ለመቅዳት እንዲቀርብ ብሎ፣ የቆዳ ማልፊያ ጉድጓዶች አስቆፈረ። ሠራተኞቹማ ምን ያድርጉ፣ ቆፍሩ የተባሉበት ቆፈሩ። ቆዳው ሲዘፈዘፍ የከረመበት ውሃ፣ የተፋቀው ጸጉርና ስብ፣ ሁሉም ወደ አንጓ ተደፋ። ወንዙ መጀመሪያ የጌሾ ውሃ መሰለ፤ ቀጥሎ አረፋ አወጣ፤ ኋላማ ገና ቁልቁለቱ ላይ ሳሉ አፍንጫ የሚያስይዝ ሆነ። ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ፣ ላሞች ጨነገፉ፣ በታች አንጓም ሕፃን ያልቀበረ ቤት ጥቂት ነበር ይባላል።

ከቀበሩት አንዷ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። የበኩር ልጇን በዚያ ውሃ አጥታ፣ እግዜር ሁለተኛ ወንድ ልጅ ቢሰጣት ምትኩ ብላ ስም አወጣችለት። የምትኩ የክርስትና አባት የሆነው ደግሞ የላይ አንጓው ቢሻው ነው። ቢሻው መልከ ቀና፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ድምፁ ሸለቆ የሚያሻግር ሰው ነበር አሉ። እንግዲህ አበልጅ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከወንድም ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ትርንጎና ቢሻው አበልጅ ከሆኑ ወዲህ አንዱ ሌላውን አንቱ ሳይል ቀርቶ አያውቅም ይባላል።

ትርንጎ ልጇን ክርስትና ባስነሣች ማግስት «ይህን ለአንጓ አልሰጥም» ብላ ተነሣች። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም ድርጎ አልሰጣትም። የጎረቤት ሴቶችን ሰበሰበች፣ ሴቶቹ ባሎቻቸውን ጎተቱ፣ በመጨረሻም የሁለቱ መንደር ሰው ተስማምቶ እርሻ በማይታረስበት በበዓል ቀን እየተጠራራ ወንዙን ያጸዳ ጀመር። የደብሩ ቄስ በዓል ተሻረ ብለው ቢቆጡ፣ «አባ፣ ውሃ የወሰደው ሰው ቢኖር በበዓል አናወጣውም?» አለቻቸው ይባላል። ቄሱ ትንሽ አሰቡና ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እሳቸውም ገቡበት። ሽማግሌዎች በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ከባላባቱ ደጅ ወደቁ፤ ስለ ሁሉም የተናገረው ያ ቢሻው ነው። እንዴት አድርጎ እንደተናገረ እስከ ዛሬ ይወራል። ቀኛዝማቹ አንገቱን ደፍቶ ሰማና ጉድጓዶቹ ከወንዙ ርቀው ወደ ኮረብታው ጀርባ እንዲሄዱ ፈቀደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ምን ልበላችሁ! ደለሉን በቅርጫት አወጡት፤ ዳርና ዳሩን ቀጤማና ሸምበቆ ተከሉበት፣ ዋንዛ ተከሉበት፣ ከብት እንዳይወርድበት አጠሩት። ጥቂት ክረምት አልፎ ውሃው ጠጠሩን አሳየ። እንቁራሪቱ ተመለሰ፣ ዓሣው ተመለሰ፣ ምትኩም ድኾ፣ ቆሞ፣ እየሮጠ ወንዝ የሚወርድ ልጅ ሆነ።

እንግዲህ ወንዙ ዳግመኛ እንዳይበላሽ ጠባቂ ያስፈልጋል ተባለና በየመልካው ፈቃደኛ ሰው ቆመ። ከሁሉ በላይ ባለው መልካ፣ ለባላባቱ ግቢ በሚቀርበው፣ ቢሻውን አቆሙት፤ ከሁሉ በታች ባለው በዚህ በእኛ መልካ ትርንጎ ቆመች። በየማለዳው ቢሻው ውሃውን ያያል፣ ያሸታል፣ ይቀምሳል። ከሱ በታች ያለው ጠባቂ «አንጓ እንዴት አደረ?» ብሎ ይጣራል፤ ቢሻው በዚያ ድምፁ «ደህና አደረ! እግዚአብሔር ይመስገን!» ይላል። ቃሉ ከመልካ ወደ መልካ እየተቀባበለ ትርንጎ ዘንድ ይደርሳል፣ ሴቶቹም እንስራቸውን ይሞላሉ።

ደስ ይላል አይደል? እኔንም ልጅ ሳለሁ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ኧረ ምን ነካቸው እላለሁ! እኛ እኮ እንዴት አደርክ ሲሉን ጎናችን እየተወጋም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የምንል ሰዎች ነን። ወንዝን የሚያህል ነገር በሰላምታ ይጠበቃል? እነሱ ግን ጠበቁት፤ ውሎ አድሮም ከቢሻው በታች ያሉት ሁሉ መቅመሱን ተዉት። አበልጅ ደህና ነው ያለውን ነገር መልሶ መቅመስ፣ ዋሽተሃል ማለት ነዋ! ነውር ነው።

አንድ ዘመን ላይ ዘመቻ ታወጀ ይባላል። ቀኛዝማች ጓንጉል ብዙ ቆዳ በቶሎ ፈለገ፤ ኮረብታው ጀርባ ደግሞ ውሃ በአህያ ካልተጫነ የለም። ስለዚህ ከወንዙ ዳር በአጥር ከልሎ የድሮዎቹን ጉድጓዶች አስከፈታቸው። ቢሻውንም አስጠራው። ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ የለም፤ የሚታወቀው ቢሻው ከዚያ ግቢ ሲወጣ ትከሻው ላይ ባላባቱ የሸለመው ለምድ እንደነበረና ከዚያ ወዲህ በባላባቱ የግብር ማዕድ ላይ ከተከበሩት ጋር እንደተቀመጠ ነው። የላይ አንጓ ሰዎች «ርስትህን እነቅልሃለሁ ብሎ አስፈራርቶት ነው» ይላሉ። ይሆናል። ባላባት ያስፈራል፣ አልክድም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ዝም ማለትስ ማን ከለከለው? አንድ ቀን ማለዳ ዝም ቢል ኖሮ እኮ ታች ያለው ሰው ሁሉ «ምነው?» ብሎ ውሃውን ያይ ነበር። ዝም አላለም። በየማለዳው፣ ያው ድምፅ፣ «ደህና አደረ! እግዚአብሔር ይመስገን!»

እንቁራሪቱ ጸጥ አለ። የትርንጎ ባል ደርብ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር አሉ፣ አንድ ጠዋት ጠጥቶ አፉን አጣጣመና «ይሄ ውሃ ተለወጠብኝ» አላት።

«አበልጄ ደህና አደረ ብለዋል» አለችው።

«ሰማሁ። አንቺ ራስሽ ብትቀምሺውስ?»

«የአበልጄን ቃል ልቅመስ? አታፍርም?»

ደርብ አፈረ። ብዙም ሳይቆይ ምትኩን ሆዱን ይቆርጠው፣ ያስቀምጠው ጀመር። እዚህ ላይ ሲደርሱ አባቴ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ትርንጎ ልጇ በደከመ ቁጥር ውሃ ታጠጣዋለች። ሌላ ምን ታድርግ? ንጹሕ ውሃ መድኃኒት ነው። አልጠጣም ብሎ ፊቱን ቢያዞር «ጠጣ የኔ ጌታ፣ አንጓ ደህና ነው፣ የክርስትና አባትህ ብለውልሃል» እያለች በጣቷ ከንፈሩን ከፍታ ታጠጣዋለች። እንዲህ እያጠጣችው ሞተ።

ለቅሶ ተቀመጡ። ቢሻው መጣ። መምጣቱ አይቀርም፣ የክርስትና አባት ነው፤ ከላይ አንጓ ድረስ በጠራራ ፀሐይ በእግሩ ወርዶ፣ ለምዱን እንደለበሰ ዳሱ ውስጥ ገባና ደረቱን እየመታ አለቀሰ። የእውነት እንባ ነበር ይላሉ። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸው እንባው ነው። አልቅሶ ሲጨርስ አስቀመጡት፤ እንደ ደንቡ ንፍሮ ዘገኑለት፣ በቅል ውሃ አቀረቡለት። ንፍሮውን በላ። ውሃውን አጠገቡ አስቀመጠው።

ትርንጎ ከተቀመጠችበት አየችው። መንገደኛ ሰው፣ ጨው ያለበት ንፍሮ በልቶ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ፣ ውሃውን አልነካውም።

«አበልጄ፣ ይጠጡ እንጂ» አለችው።

«አልጠማኝም፣ እመቤቴ።»

«ፀሐይ መትቶዎታል። ይጠጡ።»

«ቆይ፣ ትንሽ ልረፍ።»

ቀስ ብላ ተነሣችና ከፊቱ ቆመች። «ዛሬ ጠዋት አንጓ እንዴት አደረ ነበር ያሉት?» ብላ ጠየቀችው።

ቢሻው ቀና ብሎ አላያትም። «ደህና አደረ ብያለሁ» አለ።

ቅሉን አንሥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ተቀበላት፤ የአበልጅ እጅ አይመለስም። ወደ አፉ አስጠጋው፣ አፍንጫው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከንፈሩን አላስነካውም። ያን ጊዜ ገባት። ይህ ሰው የሚጠጣው ከሌላ ምንጭ ነው፤ ከአንጓ ከቀመሰ ስንት ጊዜው ነው! እሷ ግን በገዛ ጣቷ የልጇን ከንፈር ከፍታ አጠጥታለች።

«ጠጥተህ ንገር!» አለችው።

«ጠጥተህ» ነው ያለችው። ለቀስተኛው ከዋይታዋ ይልቅ የደነገጠው በዚያች ቃል ነው ይባላል፤ አበልጅ አበልጁን አንተ ሲል የሰማ ሰው አልነበረማ። ቢሻው ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠና ተነሥቶ ወጣ። ማንም አልሰደበው፣ ማንም አልመታው፤ መንገድ ለቀቁለት። የላይ አንጓ ሰዎች ከዚያ በኋላ መንኩሶ በንስሐ ሞተ ይላሉ። የእኛዎቹ ደግሞ በቀጣዩ ግብር ላይ ከቦታው አልታጣም ይላሉ። እኔ የእኛዎቹን አምናለሁ።

በሰልስቱ ማግስት የታች አንጓ ሰው መዶማውንና አካፋውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ባላባቱ ዘምቶ ነበርና የሚከለክል አልተገኘም፤ አጥሩን አፍርሰው ጉድጓዶቹን ከነቆዳው ደፈኑ፤ ቆዳ ፋቂዎቹም አብረው ደፈኑ ይባላል። ደለሉን እንደገና አወጡ፣ ቀጤማውን እንደገና ተከሉ። ትርንጎም ከዚያ ወዲህ በማንም ቃል ውሃ አላስቀዳችም። በየማለዳው ወደዚህ መልካ ወርዳ፣ በሰው ፊት በእፍኟ ትጠጣና «አሁን ቅዱ» ትል ነበር። ደንቡም ስሙም የመጣው ከዚያ ነው።

ዛሬ አንጓን የሚጠብቁት የሁለቱም መንደር ወጣቶች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው ላስቲኩን ይለቅማሉ፣ መኪና የሚያጥበውን ይገሥጻሉ፣ ውሃውን በጠርሙስ ቀድተው ይመረምራሉ፤ መሣሪያው ደህና ነው ካላቸው በኋላም ጎንበስ ብለው ይጠጣሉ። ከመካከላቸው ወንድይራድ የሚባል የላይ አንጓ ልጅ አለ። የዚህ መልካ ሸምበቆ እኩሌታው የሱ ተክል ነው፤ ጎርፍ የመጣ ቀን ወገቡ ድረስ ገብቶ አጥር ሲያቆም በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄ በጣም ይወደዋል። የልጅ ልጄ ክርስትና ሲደርስ «አባዬ፣ ወንድይራድን የክርስትና አባት ላድርገው?» ብሎ አማከረኝ። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ከላይ አንጓ ሰው ጋር አበልጅ የተያያዘ የታች አንጓ ሰው የለም፤ ልጄም ይህን ያውቃል።

ሦስታችንም ወደ መልካው ወረድን። ወንድይራድ ማንም ሳይጠይቀው እጅጌውን ሰብስቦ ጎንበስ አለ፣ አንድ እፍኝ፣ ደግሞ አንድ እፍኝ ጠጣ። አፉን ጠርጎ «አባባ፣ ንጹሕ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። እኔም ከሱ ቀጥዬ ጠጥቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው። ልጄን ግን ወደ ቤት ስንመለስ «ከታች አንጓ ሰው ፈልግ» አልኩት።