የጀሪካኑ ዝሆን

አንድ ቀን፣ ያውም በጠራራ ቅዳሜ፣ ደሴ ላይ የልጆች ሙዚየም ተመረቀላችሁ። ሙዚየም ስላችሁ ዘውድና ጋሻ እንዳይመስላችሁ። የድሮ የእህል መጋዘን ነው፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ከተጣለ ዕቃ የተሠራ ነው። ልጆች መጥተው አይተው፣ «ለካ ዕቃ ዝም ተብሎ አይጣልም» ብለው እንዲመለሱ ነበር ሐሳቡ።

ንድፉን ያወጣው ሙሄ የሚባል ጎረምሳ ነው። ሙሄ ጥሩ ልጅ ነው፤ ችግሩ ምላሱ ነው። አንድ ባዶ ጠርሙስ ካሳያችሁት ስለ ዓለም መጨረሻ ሳያወራ አይለቃችሁም። ይህን ጠባዩን ራሱም ያውቀዋል፤ ግን አፉ አንዴ ከጀመረ እሱም እንደ ሌላው ሰው ቆሞ ከማዳመጥ በቀር የሚያደርገው የለውም። በዚያ ላይ ጭንቅ ነበረበት። በሚቀጥለው ሳምንት ለሚወዳት ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው። የልጅቷ አባት ደግሞ ወሬውን ቀድመው ሰምተው፣ «ሥራው ምንድን ነው? ቆሻሻ ይሰበስባል አሉኝ» ብለዋል። ሙዚየሙ ካልሰመረለት ሥራውም ልጅቷም እልም ሊሉበት ነው።

የሙዚየሙ ቦርድ ሰብሳቢ ጋሽ ወንድይፍራው ይባላሉ። ዕድሜ ልካቸውን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ስለነበሩ የማያውቁት ነገር የለም፤ ካለም አላወቁትም። ቆንቋናነታቸውን ደግሞ ተዉት! ሙሄ በጀሪካን አንድ ግዙፍ ዝሆን አቁሞ፣ ክዳን ባላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች የቀጭኔ አንገት ደርድሮ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት አንበሳ ሰፍቶ ሲያበቃ ወደ እሳቸው ሄደ።

«ጋሼ፣ እነዚህን የማጣብቅበት ማስቲሽ ያስፈልገኛል» አላቸው።

«ለምን ሲባል? ሲባጎ የለም እንዴ?»

«በሲባጎማ ይፈታል እኮ፣ ጋሼ።»

«የታሰረ ዝሆን ሲፈታ የት አይተህ ታውቃለህ?»

ሙሄ በሲባጎ አሰረው። ማሰሩ ብቻ መች በቃው! ማስቲሽ መከልከሉን የንድፍ ፍልስፍና አደረገውና፣ ግድግዳው ላይ በትልልቁ «ልጆች ሆይ፣ ንኩ! ፍቱ! መልሳችሁ ግጠሙ!» ብሎ ጻፈበት። ጽፎም ትንሽ ራቅ ብሎ አየውና በራሱ ተደነቀ።

በምረቃው ጠዋት ጋሽ ወንድይፍራው ጠሩት።

«ስማ፣ ትምህርት ያለ ፈተና ወሬ ነው። ከሰዓት መጥቼ አዳራሹን አየዋለሁ። አንድ ሰው እንኳ ተምሮ መውጣቱን ካላረጋገጥክልኝ፣ ሰኞ እዚህ እንዳላይህ!»

ሙሄ በፍርሃት ሲባጎውን ሁሉ እየዞረ አጠበቀ። እናቶች ልጆቻቸውን እየያዙ መጉረፍ ሲጀምሩ ግን ፍርሃቱን ረሳው። በሩ ላይ ቆመ፣ ጀርባውን ለአዳራሹ ሰጠ፣ ንግግሩን ለቀቀው። የሚገባውን ሁሉ እያስቆመ ስለ አፈር፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ መጪው ትውልድ ይተነትናል። ሰዉም በትሕትና ራሱን እየነቀነቀ ያልፈዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ! አስቡት እንግዲህ፣ ለደሴ እናት ጀሪካን አትጣይ ብሎ ማስተማር ለቀባሪው አረዱት አይደለም? እሷ መቼ ጥላ ታውቃለች? ከዘይት በኋላ ውኃ ትቀዳበታለች፣ ከውኃ በኋላ ጋዝ ትገዛበታለች፣ ሲቀደድ አፉን ቆርጣ አበባ ትተክልበታለች።

ሙሄ ንግግሩ መሀል ላይ ሳለ፣ ጎረቤቱ እትዬ ከዲጃ ነጠላቸው አብጦ ከአዳራሹ ወጥተው በአጠገቡ ሊያልፉ ሆነ። ከነጠላው ሥር ሰማያዊ ነገር ብቅ ብሏል።

«እትዬ ከዲጃ! ይሄ እኮ የዝሆኑ እግር ነው!»

«አብሽር የኔ ልጅ» አሉት ሳይደነግጡ። «እሱ እንደሆን አይራመድበትም። እኔ ውኃ አመላልስበታለሁ።»

«እንዴ፣ እትዬ!»

«ምን እንዴ ትላለህ? ንኩ፣ ፍቱ ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም?»

«መልሳችሁ ግጠሙ ይላል እኮ!»

«ወላሂ እገጥመዋለሁ! ክዳኑ ቤት አለ።»

ሙሄ እየሮጠ ወደ አዳራሹ ገባ። ምን ዋጋ አለው! ዝሆን የለ፣ ቀጭኔ የለ፣ አንበሳ የለ። የታሰሩባትን ሲባጎ እንኳ አልተዉለትም፤ እሷም ለልብስ ማስጫ ትሆናለች። የቀረው ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ወራት የለፋበት ሥራ እሱ በር ላይ ሲደሰኩር ከጀርባው ተጭኖ ወጣ። እንባው መጣ፤ ሳቁም አብሮ መጣና የቱን እንደሚያስቀድም ጨነቀው።

ይሄኔ ጋሽ ወንድይፍራው ከች አሉ።

«ዝሆኑ የት ሄደ?»

«ውኃ ሊቀዳ፣ ጋሼ።»

«ቀጭኔዋስ?»

«ሽሮና በርበሬ ልትይዝ።»

«አንበሳውስ?»

«እሱ እህል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ሳይደርስ አይቀርም።»

«ትቀልድብኛለህ?» ጋሽ ወንድይፍራው ከዘራቸውን አነሡ። «ሙዚየሙን አዘረፍከው! ይኸው ባዶ አዳራሽ! ፈተና ብዬሃለሁ፤ እስቲ ማነው የተማረው? የተማረ አንድ ሰው አሳየኝ፣ ካልሆነ አሁኑኑ ውጣልኝ!»

ሙሄ የልጅቷ አባት ፊት ድቅን አለበት። ባዶውን አዳራሽ አየ፣ መሀሉ ላይ የቆሙትን ሽማግሌ አየ፣ ራሱንም አየ።

«ጋሼ፣ አንድም የወደቀ የለም፤ ሁሉም አልፈዋል» አለ። «የሚጠቅመውን አንድ ሳያስቀሩ ለቅመው ሄደዋል። እስቲ ዞር ብለው ይዩ፤ አይጠቅሙም ብለው የተዉት እኔንና እርስዎን ብቻ ነው።»

ጋሽ ወንድይፍራው ዞር ብለው አዩ፤ አዩና ከዘራቸውን አወረዱ። «ሰኞ እንዳትቀር» ብለውት፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ።