ከጠረጴዛው ማዶ የተነበበው መጽሐፍ

አንድ አገር ገዥ ነበር። ሰው ሁሉ ማንበብ እንዲችል ስለ ፈለገ በየከተማው የንባብ ቤት እንዲከፈት አዘዘ። ትእዛዙ ፈጥኖ ደረሰ፤ መጽሐፉ ግን እንደ ትእዛዙ አልፈጠነም። በአንዲት ትንሽ ከተማ አርባ ተማሪ ሲመዘገብ የመጣው መጽሐፍ አሥር ብቻ ሆነ። ጥቁር ሰሌዳውም ነገ ይመጣል እየተባለ ሳይመጣ ቀረ። መምህሩ ምን ያድርግ? ለአራት ተማሪ አንድ መጽሐፍ አደለ። «ቀድሞ የገባው ላልገባው ያሳይ» ብሎ ደነገገ። እሱም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ በጣቱ እያመለከተ ያስተምር ጀመር።

ከተማሪዎቹ አንዷ ትርንጎ የምትባል ስፌት ሰፊ ነበረች። ሰፌድና መሶብ እየሰፋች የምትኖር፣ ፊደል ሳትቆጥር ያደገች፣ ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ያቀፈች ወጣት እናት ናት። ብዙ አትናገርም።

በመጀመሪያው ቀን አራት ሴቶች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀመጡ። መጽሐፉ ተገለጠ። ወዲያው የትርንጎ ልጅ እጇን ሰደደችና የገጹን ጫፍ ጨምድዳ ቀደደችው።

«ኧረ በማርያም! ያለችን መጽሐፍ እኮ እሷው ናት!» አሉ ከሴቶቹ በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ማንጠግቦሽ፣ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ሸፍነው።

ትርንጎም ልጇን አቅፋ ተነሣች፤ ጠረጴዛውን ዞረችና የሕፃኗ እጅ ከማይደርስበት፣ ከሦስቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሂጂ ያላት የለም፤ ተመለሽ ያላትም የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታዋ ያ ሆነ።

ስድስት ወር ተማሩ። መምህሩ ፊደሉን ሲያሳይ ሦስቱ ከወዲህ ያያሉ፣ ትርንጎ ከወዲያ ታያለች። አንዴ ያየችውን አትረሳም። ሌሎቹ ቃል ሲጠፋባቸው ቀና ብለው የሚመለከቱት እሷን ነበር። እሷም ልጇን እሹሩሩ እያለች ከማዶ ትነግራቸዋለች። «የእኔ መነጽር ትርንጎ ናት» ይሉ ነበር እትዬ ማንጠግቦሽ። መምህሩም ደስ ይለው ነበር። አንድ ነገር ብቻ እሷን ግራ ያጋባታል። ገበያ ስትወጣ በሱቆቹ በር ላይ የተጻፈውን ማንበብ አትችልም። «ገና ያልደረስንበት ፊደል ይሆናል» ብላ ታልፈዋለች። ማንንም አልጠየቀችም።

ከዚያ ከዋናው ከተማ ፈታኝ ሊመጣ ነው ተባለ። አይቶት የማያውቀውን ገጽ ያነበበ ወደ ሁለተኛው ክፍል ያልፋል፤ ከንባብ ቤቱም መጽሐፍ ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። ያላነበበ ቦታውን ለተረኛ ይለቃል፤ ደጅ የሚጠብቀው ብዙ ነውና። ለትርንጎ ነገሩ ከዚህም የከበደ ነበር።

«እስከ ፈተናው ታገሥኩሽ» ብለዋታል አማቷ። «ካለፍሽ ተማሪ። ከወደቅሽ ግን ወስፌሽን ይዘሽ ቁጭ በይ፤ ዳግመኛ የትምህርት ወሬ በዚህ ቤት እንዳልሰማ።»

«እሺ፣ እማማ» ብላለች ትርንጎ። እሺ ያለችው እንደምታልፍ ስለምታውቅ ነበር።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ተማሪዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። መምህሩ የክፍሉን ስም እንድታስጠራለት ትርንጎን አስቀደመ። ልጇን ለእትዬ ማንጠግቦሽ ሰጥታ ቀረበች። ፈታኙ ወንበር ላይ አስቀመጣትና መጽሐፉን ገልጦ፣ በደንብ አስተካክሎ ከፊቷ አኖረላት።

አየችው። ዓይኗን አሻሸች፤ ደግማ አየችው። ፊደሎቹ የምታውቃቸው ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። በሕልም የሚታይ ሰው መልኩ እሱ ሆኖ እሱ እንደማይሆነው ሁሉ። «ሀ» አለች፤ ፊደሉ «በ» ነበር። ጣቷን ከየት እንደምታስጀምር ጠፋት። ከቀኝ ጀመረች፣ ተወችው፤ ከታች ጀመረች፣ እሱንም ተወችው።

ፈታኙ ወደ መምህሩ ዞረ። «ጎበዝ ተማሪዬ ያልከኝ ይህችን ነው?»

«ጌታዬ፣ ትናንት እኮ... ትናንት ሙሉ ገጽ አንብባለች።»

«በቃሏ ሸምድዳ ይሆናላ። እንዲህ ያለ ብዙ አይቻለሁ።»

«አልሸመደድኩም» አለች ትርንጎ፣ በማይሰማ ድምፅ። ግን እሷም ራሷን መጠራጠር ጀመረች። ምናልባት ሸምድጄ ይሆን? ያነበብኩ እየመሰለኝ ስድስት ወር ሙሉ ሳላነብ ኖሬ ይሆን? ሰው የሚያውቀውንና ያወቀ የሚመስለውን በምን ይለያል?

ከግድግዳው ሥር ሹክሹክታ ተነሣ።

«ዓይነ ጥላ ነው» አለች አንዷ። «ልክ ፈተና ሲመጣ ነው የሚጋርድሽ። ጠበል ትግባ።»

«ተዪ እባክሽ» አለች ሌላዋ። «የምታጠባ ሴት ልቧ የት አለና?»

ፈታኙ ከስሟ ጎን ጭረት አደረገ። ትርንጎ ተነሥታ እንደ ልማዷ ወደ ጠረጴዛው ማዶ ዞረች። ቀጣይዋ እትዬ ማንጠግቦሽ ነበሩ፤ ሕፃኗን አስረክበው ተቀመጡ። ልጅቱ ግን የነጠላቸውን ጫፍ ይዛ አለቅም አለች። ትርንጎ ከጠረጴዛው ማዶ ጎንበስ ብላ ትናንሾቹን ጣቶች አንድ በአንድ ታላቅቅ ጀመር። ፈታኙ በበኩሉ አዲስ ገጽ ገልጦ «ይጀምሩ» አለ።

«ወንዝ... ሲሞላ... ሲሞላ...» እትዬ ማንጠግቦሽ ቆሙ። እንደ ልማዳቸው ቀና አሉ።

«ተሻጋሪ ዳር ቆሞ ይጠብቃል» አለች ትርንጎ፣ ዓይኗን ወደ ገጹ ጣል አድርጋ።

ፈታኙ ከመጽሐፉ ላይ ቀና አለ።

«ማነው ያነበበው?» አለ ፈታኙ።

«እኔ ነኝ። ይቅርታ ጌታዬ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ይህን ገጽ ከየት አወቅሽው?»

«አላውቀውም። ተጽፏል እኮ።»

ፈታኙ ሌላ ገጽ ገለጠ። ከቆመችበት ሆና እስከ መጨረሻው አነበበችው። መጽሐፉን ወደ እሷ አዞረላት፤ ዝም አለች። መልሶ አዞረው፤ አነበበች። አሁንም ወደ እሷ አዞረው፤ ዝም አለች።

«ትቀልጂብኛለሽ?»

«ኧረ በፈጠረኝ!» አለች፤ እንባዋ መጣ። «እኔም አልገባኝም።»

በዚህ ጊዜ መምህሩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ወይኔ! ከማዶ እኮ ነው የተቀመጠችው። ስድስት ወር ሙሉ መጽሐፉን የተማረችው ተዘቅዝቆ ነው። እኔ በየቀኑ እያየኋት!»

«አንቺ ልጅ» አለ ፈታኙ፣ «መጽሐፍ አናትና ግርጌ እንዳለው አታውቂም?»

«ሰፌድ የለውማ» አለች ትርንጎ። «እኔ የምሰፋው ሁሉ ክብ ነው። ከየትም ቢያዩት ያው ነው። መጽሐፉም እንደዚያ መስሎኝ።»

ፈታኙ ዝርዝሩን ተመለከተ። ዝርዝሩ ላይ ሁለት ዓምድ ብቻ አለ፦ «ያነባል» እና «አያነብም» የሚል። «አያነብም» እንዳይል ስታነብ ሰምቷታል፤ «ያነባል» እንዳይል ሲያቅታት አይቷታል። ብዕሩን አነሣ፣ አስቀመጠ። በመጨረሻ «መጽሐፍ የሚነበበው በዚህ በኩል ነው። ያኛው ንባብ አይባልም» አለ።

«እንግዲያስ ቀላል ነው ማለት ነዋ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «እስቲ እርስዎ ወደዚያ ይዙሩና አንድ መስመር ያንብቡልን።»

ፈታኙ የተማረ ሰው ነው፤ እንቢ ማለት አፈረ። ዞሮ ትርንጎ ስትቀመጥበት ከነበረው ወንበር ተቀመጠ። «ወ... አይ፣ ደ... ቆይ...» አለ። አንገቱን አጣመመ። ግንባሩን ላብ ያዘው። መጽሐፉን ሊያዞር እጁን ሲሰድ እትዬ ማንጠግቦሽ በክርናቸው ገጹን ተጫኑት።

«ምነው ጌታዬ? እርስዎንም ዓይነ ጥላ ያዘዎት?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፈታኙ ግን ከወንበሩ አልተነሣም። እዚያው ተቀምጦ ገጹን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ሠላሳ ዓመት ሳነብ ኖሬ ከዚህ ወንበር አንድ መስመር አልወጣልኝም» አለ በመጨረሻ። «እሷ እዚህ ተቀምጣ፣ ልጅ እያጠባች፣ ሙሉ መጽሐፍ ተማረች። እኔ ደግሞ ‹አታውቅም› ብዬ ጭረት አደረግኩባት።» ጭረቱን ሰረዘና «ታነባለች» ብሎ ጻፈ። በየት በኩል እንደሆነ አልጻፈም።

ትርንጎ መጽሐፍ ይዛ ቤቷ ገባች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ዘቅዝቃ ማንበብ ጀመረች። አማቷ አጠገቧ ቆመው ጥቂት አዳመጡ፤ የመጽሐፍ አናት የቱ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም ነበር። «እሺ፣ ከዚያስ ምን ይላል?» ብለው ቁጭ አሉ።

በቀጣዮቹ ሳምንታት እትዬ ማንጠግቦሽ አጠገባቸው አስቀምጠው በትክክለኛው በኩል አለማመዷት። ሁለቱንም ስትችል መምህሩ አዳዲስ ተማሪዎች ሰጣት። እንደ እሷ እንዲያስተምሩ የተመደቡት ሌሎች ከተማሪው ጎን ተቀምጠው ገጹን ብቻ ሲያዩ፣ እሷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ገጹንም የተማሪውንም ፊት ታያለች። ሳይገባው አንገቱን የሚነቀንቀውን፣ መጠየቅ ያፈረውን፣ በልቡ ሊተወው የወሰነውን ቀድማ ታውቃለች። ከእሷ ጠረጴዛ አቋርጦ የሄደ ተማሪ አልነበረም።

ታዲያ እዚህ ታሪክ ውስጥ የተሳሳተው ማን ነው? መጽሐፉ ልክ ነበር። መምህሩ ያስተማረው ልክ ነበር። ትርንጎም ያሳዩአትን በልኩ ተምራለች፤ ወደ ማዶ የተሻገረችውም የአራቱ መጽሐፍ እንዳይቀደድ ብላ ነው። ሁሉም ልክ ሆነው ሳለ አንዲት እናት ለጥቂት የዕድሜ ልክ ዕድሏን ልታጣ ነበር። ያጠፋ ሰው ፈልገን ብናጣ እንኳ ያልተጠየቀ ጥያቄ ግን እናገኛለን፦ «ከዚያ ሆነሽ ምን ይታይሻል?» የሚል። ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ማንንም አልጠየቀችም።

ስለዚህ አንድን ሰው «አያውቅም» ከማለታችን በፊት ሲማር የት ተቀምጦ እንደነበር እንጠይቅ፤ ቢቻል ዞረን ከወንበሩ እንቀመጥ። አንተስ፣ አንቺስ፣ «አይገባውም» ብላችሁ የተዋችሁት ሰው አለ? ከእሱ ወንበር ሆናችሁ አንዲት መስመር ማንበብ ትችላላችሁ?