አላድግም ያለው ፊደል

ተረት ልጀምር ነው! እሺ የምትሉ እሺ በሉኝ፤ የማትሉም ግዴለም፣ ጆሯችሁን ብቻ ስጡኝ። እኔ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልችልበትም፤ የዛሬው ተረትም እንደኔ ነው፣ አንድ ቦታ አይረጋም።

በአንዲት ከተማ ጃንጥላ እየጠገኑ የሚኖሩ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ግራ ዓይናቸው በሕመም ጠፋ፤ ቀኙም ይደበዝዝ ጀመር። የዓይን ክሊኒኩ ሐኪም አያቸውና፣ “እናቴ፣ ግራው አልፏል፤ ቀኙን ግን ክረምት ሳይገባ በቀዶ ሕክምና እናድነዋለን። ቶሎ ተራ ይያዙ” አላቸው።

ተራ መያዝ ደግሞ እንደ ድሮው በር ላይ መሰለፍ አይደለም። ክሊኒኩ ተራውን ስልክ ላይ አድርጎታል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። የስልኩ ፊደልስ? የዓይን ክሊኒክ ፊደል ሆኖ ቅጫም ያክላል! የሠሩት ልጆች ዓይናቸው ገና አዲስ ነው፤ የጠገበ ለተራበ ቂጣ አይጋግርም። ጎረቤት ያንብብላቸው እንዳትሉኝ፤ ጎረቤታቸው በዚያ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ዘበኛውም ቢለምኑት፣ “ተራ በስልክ ነው፣ እማማ” ከማለት አያልፍም። እንዲህ እያሉ ተራው ሲያመልጣቸው ከረመ። ነገ ጠዋት የመጨረሻው ነው። ከነገ ወዲያ ቀዶ ሐኪሙ ወደ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ ክረምቱ ካልወጣ አይመለስም፤ ዓይን ደግሞ ክረምት እስኪወጣ አይጠብቅም።

እንግዲህ እትዬ አስካለ የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው። ፊደሉ ይደግ፣ በቃ።

መጀመሪያ ፊደሉን ራሱን ተቆጡት። “አንተ ፊደል፣ እደግ እንጂ!”

“አላድግም” አለ ፊደሉ። “ፕሮግራመሩ ካልጻፈኝ አላድግም።” ፊደል ይናገራል ወይ አትበሉኝ፤ በተረት ይናገራል።

ፊደሉ አላድግም አለ፤ እትዬ አስካለም አላርፍም አሉ። ነጠላቸውን ደረብ አድርገው ወጡ። ሶፍትዌሩ የሚሠራው ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለው ሕንጻ ላይ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ደረጃውን በእጃቸው እየዳበሱ ወጡት።

ፕሮግራመሩ ኢዮኤል ይባላል፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ጉልበቱን ሲያወዛውዝ የሚውል ልጅ ነው።

“ልጄ፣ ተራ የሚያዝበትን ፊደል አሳድግልኝ። ነገ ጠዋት ካልያዝኩ ዓይኔ መጥፋቱ ነው።”

“እናቴ፣ በኔ ቢሆን አሁኑኑ ነበር። ግን እኛ ጋ ሥራው ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ባክሎግ እንለዋለን። ረቡዕ ረቡዕ ተቀምጠን እናበጥረዋለን፤ ዋናው ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። ተበጥሮ፣ ምን ያህል እንደሚፈጅ ተመዝኖ ያልመጣ ሥራ አልጽፍም። ለመመዘን ደግሞ ራኬብ እንዴት እንደምትፈትሸው ትንገረኝ።”

ያን ቀን ረቡዕ ነበር። ይህ እንግዲህ ዕድል ነው ወይ ፈተና፣ እናንተው ፍረዱ።

ፕሮግራመሩ አልጽፍም አለ፤ ፊደሉ አላድግም አለ፤ እትዬ አስካለም አላርፍም አሉ። ወደ ራኬብ ሄዱ። ራኬብ ልጆቹ የሠሩትን እየነካካች ስህተት የምትለቅም ፈታሽ ናት።

“የኔ ልጅ፣ ፊደሉ ማደጉን ፈትሺልኝ።”

“‘ትልቅ’ ማለት ምን ያህል ነው፣ እማማ? የእርስዎ ትልቅና የኔ ትልቅ አንድ አይደለም። በኋላ አደገ አላደገ ብዬ ከኢዮኤል ጋር ልጣላ ነው? ልኩን ካሌብ በንድፍ ካላሳየኝ አልፈትሽም።”

ፈታሿ አልፈትሽም አለች፤ ፕሮግራመሩ አልጽፍም አለ፤ ፊደሉ አላድግም አለ፤ እትዬ አስካለም አላርፍም አሉ። ወንበር አምጥተውላቸው ነበር፣ አልተቀመጡበትም። ወደ ካሌብ ሄዱ። ካሌብ የገጹን መልክ የሚነድፈው ነው፤ የእስክሪብቶውን ክዳን ሲያኝክ አገኙት።

“ልጄ፣ የፊደሉን ልክ ንደፍልኝ። ቀኑ እየሄደብኝ ነው።”

“እናቴ፣ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ፊደሉ ካደገ ቁልፉ ከገጹ ይወጣል። አንዱን ገጽ ስነካ ሌላው ይዛባል። ሁሉንም እንደ አዲስ መንደፍ ነው። ጌድዮን ሥራውን ከዝርዝሩ ግርጌ ካላነሳው አልነድፍም።”

ነዳፊው አልነድፍም አለ፤ ፈታሿ አልፈትሽም አለች፤ ፕሮግራመሩ አልጽፍም አለ፤ ፊደሉ አላድግም አለ፤ እትዬ አስካለም አላርፍም አሉ። እኔንማ ጭንቅ ጭንቅ አለኝ! ወደ ጌድዮን ሄዱ። ጌድዮንን የምርቱ ባለቤት ይሉታል። ማሳ የለው፣ ጎተራ የለው፤ ያለው ዝርዝሩ ብቻ ነው። የትኛው ሥራ እንደሚቀድም የሚወስነው ግን እሱ ነው።

“ልጄ፣ የኔን ነገር ከወደቀበት አንሣልኝ።”

ጌድዮን በትልቁ ስክሪን ላይ ዝርዝሩን ወደ ታች ይስበው ጀመር፤ ሳበው፣ ሳበው፣ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር አገኘ። “ይኸውልዎ፣ ባለፈው በስልክ ደውለው የነገሩኝ ተመዝግቧል። ‘የሥርዓቱን ተደራሽነት ለሁሉም ተጠቃሚ፣ በሁሉም ገጽ፣ በሁሉም ስልክ ማሻሻል።’”

“እኔ እንዲህ አልኩህ?”

“ያው ነው፣ እናቴ። ግን ሲበዛ ከባድ ነው። በየረቡዑ ሊያነሱት ይሞክሩና ይከብዳቸዋል፣ ተመልሶ ይወርዳል። የክሊኒኩ ዳይሬክተር ዶክተር እሌኒ ካላዘዙኝ አላነሳውም።”

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ተመዝግቧል፣ ግን የለም።

ባለቤቱ አላነሳም አለ፤ ነዳፊው አልነድፍም አለ፤ ፈታሿ አልፈትሽም አለች፤ ፕሮግራመሩ አልጽፍም አለ፤ ፊደሉ አላድግም አለ፤ እትዬ አስካለም አላርፍም አሉ። ደረጃውን ወረዱ፣ መንገዱን ተሻገሩ። አንዱ ባለ መኪና፣ “አያዩም እንዴ!” ብሎ ጮኸባቸው። “አላይም፣ እሱን ብዬ አይደል የምሯሯጠው!” ብለውት አለፉ።

ዶክተር እሌኒ ጥሩ ሰው ናቸው፣ እንዳትቀየሟቸው። ተነሥተው ተቀበሏቸው።

“እትዬ፣ ልጆቹን ያለ ምክንያት አላጣድፍም” አሉ። “የሕመምተኞቻችን አስተያየት በስልክ ይደርሰኛል። ይኸው፣ አምስት ኮከብ! ሁልጊዜ አምስት ኮከብ! ቅር ያለው ሰው ቢኖር ኮከቡ ይወርድ ነበር። ኮከቡ ሳይወርድ ምን ብዬ አዛለሁ?”

ኮከቡ አልወርድም አለ፤ ዳይሬክተሯ አላዝም አሉ፤ ባለቤቱ አላነሳም አለ፤ ነዳፊው አልነድፍም አለ፤ ፈታሿ አልፈትሽም አለች፤ ፕሮግራመሩ አልጽፍም አለ፤ ፊደሉ አላድግም አለ፤ እትዬ አስካለም አላርፍም አሉ። አሁን ግን የሚሄዱበት አጡ። ኮከብን ማን ያወርዳል? ለመጀመሪያ ጊዜ ፈሩ።

“ቅር ያለው የለም ነው የሚሉኝ ዶክተር? እኔ ራሴ ስንቴ ቅሬታ አቅርቤያለሁ!”

“በምን?”

“በዚሁ በስልኩ ነዋ! ዘበኛው፣ ቅሬታ ያለው በስልኩ ያቅርብ ብሎ ገጹን ከፍቶ አሳየኝ።”

“እስቲ እንዴት እንዳደረጉ ያሳዩኝ።”

እትዬ አስካለ ገጹን ከፈቱና ስልኩን ሽፋሽፍታቸውን እስኪነካ ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉት። “ጽሑፉ አይታየኝም። እነዚህ ቢጫ ቢጫ ነገሮች ግን ይታዩኛል፤ ገጹ ላይ የሚታየኝ እነሱ ብቻ ናቸው። አንዱን ስነካው ቦግ አለ። ቅሬታዬ ገባ አልኩ። እንዳይቀርብኝ ብዬ ደግሞ ሁሉንም ነካኋቸው። ከዚያ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር እነካቸዋለሁ።”

ዶክተር እሌኒ ኮምፒውተራቸው ላይ የእትዬን ስም ፈለጉ። አስካለ፣ አምስት ኮከብ። አስካለ፣ እንደገና አምስት ኮከብ። ሌሎቹንም ስሞች አዩ። ብዙዎቹን ራሳቸው የመረመሯቸው ናቸው፤ ከሁሉም ይልቅ ዓይናቸው የደከመው ሰዎች ከሁሉም ይልቅ ኮከብ ሰጥተዋል። ዶክተሯ አንገታቸው ድረስ ቀሉ። በየስብሰባው የተኩራሩበት ኮከብ የጨነቀው ሰው ዳበሳ ኖሯል።

“ወይ ጉዴ!” አሉ፤ አፈሩ፣ ከልባቸው አፈሩ። ነጭ ጋዋናቸውን እንኳ ሳያወልቁ እትዬ አስካለን ክንዳቸውን ይዘው መንገዱን ተሻገሩ።

ልጆቹ ጠረጴዛ ከበው ሊያበጥሩ ተቀምጠው ነበር። ዶክተሯ ያዩትን ነገሯቸው። ሲወዛወዝ የሚውለው የኢዮኤል ጉልበት ቀጥ አለ።

“አንሣው፣ ጌድዮን” አሉ ዶክተሯ።

ጌድዮን ያንን መስመር ከግርጌ ወደ ላይ አወጣው። የቡድኑ ልማድ እንዲህ ነው፤ ሥራ ሲመዘን ሁሉም ግምታቸውን በካርድ ጽፈው በአንዴ ወደ ላይ ያነሳሉ። አነሱ። ሁሉም “ወር” ይላል። “ለሁሉም፣ በሁሉም ገጽ፣ በሁሉም ስልክ…” አለ ካሌብ፤ አንገቱን ደፋ። አያችሁልኝ? ሊፈታ የነበረው ነገር እንደገና ሊቋጠር!

እትዬ አስካለ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። “ማነው ሁሉም ያለው? አንድ ወር ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ተራ የሚያዝበትን ነው። እሱን ብቻ!”

ጌድዮን የገዛ ጽሑፉን እንደ አዲስ አነበበው። “እሳቸው ፊደሉ ይደግ ነው ያሉኝ” አለ ቀስ ብሎ። “ተደራሽነት ያልኩት እኔ ነኝ። በትልቅ ቃል ስጽፈው ሥራው ትልቅ ክብር የሚያገኝ መስሎኝ፣ እንዳይነሣ አድርጌ አከበድኩት።” ከዚያ ትልቁን መስመር ቆረጠው፤ ከላይም አንዲት አጭር መስመር ጻፈ፦ ተራ የሚያዝበት ገጽ ላይ ፊደሉ ይደግ።

ካርድ ተነሣ። ሁሉም “ከሰዓት በኋላ ያልቃል” ይላል።

ከዚያማ ማን ያቁመው! ኮከቡ ዳይሬክተሯን አሳፈረ፤ ዳይሬክተሯ ባለቤቱን አዘዙ፤ ባለቤቱ ሥራውን ቆርጦ አነሣ፤ ነዳፊው አንዲቱን ገጽ ነደፈ፤ ፈታሿ ልኩን ያዘች፤ ፕሮግራመሩ ጻፈ። ልኩ እንዴት ተያዘ ካላችሁ፣ ራኬብ ስልኩን እትዬ አስካለ ፊት ዘርግታ፣ “አሁን ይታያል?” ትላለች። “ጨምሩበት።” “አሁንስ?” “ጨምሩበት፣ ምነው ቆጠባችሁት!” “አሁንስ?” እትዬ አስካለ እንደ ተማሪ አንድ በአንድ አነበቡ፦ “ተ…ራ… ይ…ያዙ።” ፊደሉ አደገ።

በማግስቱ ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ቁልፉን አዩት፣ ነኩት። ስልኩም፣ “ተራዎ ተይዟል” አለ፤ በትልቁ ነው ያለው። መንደሩ እስኪሰማ ጮክ ብለው ደጋግመው አነበቡት። አለቀሱም። እኔም ብሆን አለቅስ ነበር።

ቀኝ ዓይናቸው ተረፈ። በሚቀጥለው ረቡዕ ልጆቹ የቅሬታውንም ገጽ ፊደል አሳደጉት፤ የክሊኒኩ ኮከብም ከአምስት ወደ ሁለት ተንደረደረ። የዓይናቸው ፋሻ የተፈታ ቀን ዶክተር እሌኒ ስልኩን ሰጧቸውና፣ “እስቲ አሁን እርስዎ ይፍረዱን፣ እትዬ” አሏቸው። እትዬ አስካለ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ከሩቅ አድርገው፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ አራት ኮከብ ነኩ።

“ምነው እትዬ፣ አምስተኛዋን ነፈጉን?”

“አምስቱንማ” አሉ እትዬ አስካለ፣ “ሳላይ ሰጥቻችኋለሁ።”

እኔም ተረቴን አበጠርኩላችሁ፤ ገለባውን ለነፋስ፣ ፍሬውን ለእናንተ። በሉ ተነሡ፣ እኔ መቀመጥ ሰልችቶኛል።