ገንፎው የዘገየባት አራስና ስድስቱ ሄርማኖች

ተረት አለኝ፤ «እንስማው» በሉኝና ልጀምር። ባትሉኝም እጀምራለሁ። ወሬው ራሱ ሰው ሲጠራ ማንም የማይዞርባት ከተማ ወሬ ስለሆነ፣ መልስ ማጣቱን ለምጄዋለሁ።

ከተማዋ እንዶድ ውሃ ትባላለች። ድሮ፣ ሴቱ ሁሉ ድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብሎ በሚውልበት ጊዜ፣ ሄርማን የሚባል ቀይ ጢም ያለው ጀርመን መጣ። ወንዙን አየና ቦይ አስቆፈረ፤ በውሃ የሚዞር ወፍጮም ተከለ። ሴቶቹ ወገባቸውን ቀና አድርገው መረቁት፤ የድንጋይ ወፍጮአቸውንም ከቤት አውጥተው የደጃፍ መቀመጫ አደረጉት። ሰውየው ሥራውን ሲጨርስ ወደ አገሩ ሄደ። ስሙን ግን ይዞት እንዲሄድ አልፈቀዱለትም።

ማመስገን ጥሩ ነው፤ ልክ ካለው። እነዚህ ሰዎች ግን ልክ የሚባል ነገር አያውቁም። ወፍጮውን ሄርማን አሉት፤ ይሁን። ቦዩንም ሄርማን አሉት፤ እሺ፣ እሱም ይሁን። ከዚያ በኋላ የተወለደ ወንድ ልጅ ሁሉ ሄርማን ተባለ። ቀጥሎ አህያ፣ ቀጥሎ ውሻ፣ ቀጥሎ አውራ ዶሮ፣ ድልድዩ፣ አንድ ትልቅ ጥቅል ጎመን ሳይቀር ሄርማን ሆነ። ሴት ልጃቸውን ሄርማኒት ያሏትም አሉ፤ እኔ አፈርኩላቸው። በገበያ ቀን አንዱ «ሄርማን!» ብሎ ሲጣራ፣ ሁሉም ሌላውን ነው እያለ ሥራውን ይቀጥላል።

በዚህች ከተማ የብረት ቀጥቃጩ ሚስት ጥሩሰው ከቀኗ ቀድማ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እልልታው ቀለጠ፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ ተባለ። ችግሩ ልጁ ቸኩሎ መጣና የገንፎው ገብስ ሳይፈጭ ቀረ። ጥሩሰው ፊቷ ገርጥቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ጡቷም ገና ወተት አልያዘም። ሕፃኑ ይጠባል፣ ያጣል፣ ያለቅሳል። የባሏ እህት እትዬ ደብሪቱ ይህን አይታ አላስቻላትም፤ የተቆላውን ገብስ በስልቻ አዝላ ወደ ወፍጮ ቤት ሮጠች። የፈለገችው ይህችኑ ነው፤ አንድ ስልቻ ገብስ እንዲፈጭላት። ለምን ከጎረቤት ዱቄት አልተበደረችም ብላችሁ እንዳታደርቁኝ። ወፍጮው ቆሟል፤ ጎረቤቱም እንደሷ ጥሬውን ታቅፎ ተቀምጧል፤ በድንጋይ መፍጨቱን ሁሉም ረስቶታል።

ወፍጮውን ሄርማንን ተገትሮ አገኘችው። እባክህ ፍጭልኝ፣ አራስ ትጠብቀኛለች አለችው። ወፍጮው ረጋ ብሎ መለሰ። እሱ የሚዞረው በውሃ መሆኑን፣ ውሃ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አለመምጣቱን፣ ይህም የእሱ ጥፋት አለመሆኑን አስረዳት። ሄርማንን ጠይቂው አላት። የትኛውን? ቦዩን።

እሷም ስልቻዋን አዝላ ወደ ቦዩ ወጣች። ቦዩ ሄርማን ደርቆ፣ ድንጋዩ ብቻ ቀርቶ ተጋድሟል። ደብሪቱ ነገሯን አቀረበች፤ ወፍጮው ገብስ አይፈጭ፣ አራሷ ገንፎ አትበላ፣ እባክህ ውሃ ልቀቅ። ቦዩም ቅር ብሎት መለሰላት። ውሃ መልቀቁን ማን ጠላ? አፉ ላይ አህያ ተኝቶበት ውሃው ሁሉ ወደ ሰው ማሳ እየፈሰሰ ነው። ሄርማንን ጠይቂው አላት። የትኛውን? አህያውን።

ደብሪቱ ዳገቱን ወጣች። አህያው ሄርማን የቦዩን አፍ በሆዱ ደፍኖ፣ ጆሮውን ጥሎ ተኝቷል። አሁንም ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ቦዩ ውሃ አይለቅ፣ ወፍጮው ገብስ አይፈጭ፣ አራሷ ገንፎ አትበላ፣ እባክህ ተነሣ። አህያው አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ። መተኛቱን ወዶት እንዳልሆነ ነገራት። እርግጥ ቀዝቃዛ ነው፣ ለሆድም ይመቻል፣ ግን ወዶት አይደለም። ብድግ ሲል ቋንጃውን ሊይዘው ያ ውሻ ዳር ላይ ይጠብቀዋል። ሄርማንን ጠይቂው አላት። ደብሪቱ የትኛውን ብላ አልጠየቀችም፤ ውሻው ፊት ለፊቷ ነበር።

ውሻው ሄርማን ጥርሱን አግጥጦ ተቀምጧል። ደብሪቱ ስልቻዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችና በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። አህያው ከቦዩ አይነሣ፣ ቦዩ ውሃ አይለቅ፣ ወፍጮው ገብስ አይፈጭ፣ አራሷ ገንፎ አትበላ፣ እባክህ ሂድ። ውሻው እሄዳለሁ፣ ግን ወዴት አላት። ጠዋት ጠዋት ሥጋ ሻጩ አጥንት ይጥልለት ነበር፤ ዛሬ ግን የለም ብሎ መለሰው። የሚበላ ካጣ ምን ይሥራ? አህያ ይጠብቃል እንጂ። ሄርማንን ጠይቂው አላት።

«ሄርማን፣ ሄርማን፣ ሄርማን» አለች ደብሪቱ፣ ብቻዋን ቁልቁለቱን እየወረደች። «ይሄ ጀርመን ስሙን እዚህ ጥሎ በምን ስም ነው አገሩ የገባው?»

ሥጋ ሻጩ ሄርማን በሩ ላይ ቁጭ ብሎ በጭራ ዝንብ ያባርራል። ሰው አክባሪ ነውና ከመቀመጫው ተነሣ። እንኳን ማርያም ማረቻት አለ፣ ወንድ ነው ሴት አለ፣ ማንን ይመስላል አለ፣ አፍንጫው የማንን ነው አለ። ደብሪቱ እግሯን እየቀያየረች ቆማ አስጨረሰችው። ከዚያ ተራዋን ወሰደች። ውሻው ከቦዩ ዳር አይሄድ፣ አህያው ከቦዩ አይነሣ፣ ቦዩ ውሃ አይለቅ፣ ወፍጮው ገብስ አይፈጭ፣ አራሷ ገንፎ አትበላ፣ በእናትህ አንዲት አጥንት ስበር።

ሥጋ ሻጩ ደረቱን መታ። አጥንት ሞልቷል፤ ከጀርባው ሙሉ ጎድን ተንጠልጥሏል። መስበሪያ ነው የጠፋው። ፋሱ ዶልዱሞ ቀጥቃጩ ዘንድ ከላከው ቆይቷል፣ እስካሁን አልተሳለም። ሄርማንን ጠይቂው ሲላት ደብሪቱ ዓይኗን ጨፈነች።

ቀጥቃጩ ሄርማን ወንድሟ ነዋ! ያራሷ ባል፣ የሕፃኑ አባት። ከጠዋት ጀምሮ ስልቻ አዝላ የዞረችው ከቤቷ ደጃፍ ተነሥታ ወደ ቤቷ ደጃፍ ለመመለስ ነው። እኔ ብሆን ስልቻውን እዚያው ሥጋ ቤት ጥዬው እሄድ ነበር። እሷ ግን አልጣለችውም።

ወንድሟን ደጃፉ ላይ አገኘችው። እናታቸው ትፈጭበት የነበረው የድንጋይ ወፍጮ ላይ ተቀምጦ፣ የሚያነክስበትን ግራ እግሩን ዘርግቶ፣ እጁን አጣምሮ አኩርፏል። እሳቱ ጠፍቷል። የሥጋ ሻጩ ፋስ እግሩ ሥር ወድቋል። ከውስጥ የሕፃኑ ለቅሶ ይሰማል፤ ከጠዋቱ ቀጥኗል።

ደብሪቱ ቀስ ብላ ጀመረች። ሥጋ ሻጩ አጥንት አይሰብር፣ ውሻው ከቦዩ ዳር አይሄድ፣ አህያው ከቦዩ አይነሣ፣ ቦዩ ውሃ አይለቅ፣ ወፍጮው ገብስ አይፈጭ፣ ሚስትህ ገንፎ አትበላ፣ ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ይችን ፋስ ሳልልን።

አልስልም አላት። ልጁን ሄርማን ልበለው ቢላት ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችበት። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ልጁን ሄርማን ሲል እሱ ምን ጎድሎት ነው? እሺ እስክትለው ድረስ መዶሻም ሞረድም በእጁ አይነካም።

ደብሪቱ ወደ ውስጥ ገባች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ጥሩሰውን ለመነቻት፤ እሺም በይው እምቢም በይው፣ ብቻ አንድ ነገር መልሽለትና ይነሣ። ጥሩሰው ድምጿ ከጉሮሮዋ አልወጣ እያለ፣ ምላሷ ደርቆ ከላንቃዋ መጣበቁን፣ ትንሽ ገንፎ ሳትቀምስ ከማንም ጋር ለመከራከር አቅም እንደሌላት ነገረቻት።

ይኸውላችሁ እንግዲህ። ነገሩ ዞሮ ገጠመ። ደብሪቱ ተመልሳ ወጣች፤ ስልቻውን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ ዘፍ አደረገችውና ከጎኑ ቁጭ አለች። ከዚያ አገር እንዲሰማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ቆጠረችው።

«አራሷ ሳትበላ አትናገር፤ እሷ ካልተናገረች ቀጥቃጩ ሄርማን ፋስ አይስል፤ ፋሱ ካልተሳለ ሥጋ ሻጩ ሄርማን አጥንት አይሰብር፤ አጥንት ከሌለ ውሻው ሄርማን ከቦዩ ዳር አይሄድ፤ ውሻው ካልሄደ አህያው ሄርማን አይነሣ፤ አህያው ካልተነሣ ቦዩ ሄርማን ውሃ አይለቅ፤ ውሃ ከሌለ ወፍጮው ሄርማን ገብስ አይፈጭ፤ ገብሱ ካልተፈጨ አራሷ አትበላ! ስድስት ሄርማን አለን። ስድስቱም ቆመዋል። አንተ ደግሞ ቁጭ ብለህ ሰባተኛውን ትጠይቃለህ።»

ሕፃኑም ደክሞት ይሁን ገርሞት እንጃ፣ ለቅሶውን አቆመ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ የጥሩሰው ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ።

«ልጅ ሆነህ ቦዩ ውስጥ የወደቅህ ቀን፣ እናትህ ስምህን እየጠራች ጮኸች። እሷው ናት የነገረችኝ። አውድማው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሰምተዋል። አህያው ፈርጥጦ ነው ብለው ማንም አልዞረም። ሰው እስኪደርስልህ እግርህን የወፍጮው መዘውር ይዞት ነበር።»

ቀጥቃጩ እጁን ፈታ። ሳያውቀው ጉልበቱን ያሽ ጀመር።

«እኔ ልጄን ስጠራው ሰው እንዲዞርልኝ እፈልጋለሁ» አለች። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ኩርፊያው ከፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ሲለቅ ደብሪቱ አየችው፤ ከኩርፊያው ሥር የነበረው ደግሞ ፍርሃት ነበር። ልጁ እሱ የወደቀበት ቦይ አጠገብ ነው የሚያድገው። ይህን እስከዚያች ሰዓት አላሰበውም። ተነሣና በመጋረጃው በኩል፣ ሄርማን አንለውም አላት። ጎንበስ ብሎም ፋሱን አነሣ።

አሁን አትቁሙብኝ፤ ተከተሉኝ። ቀጥቃጩ ሄርማን ፋሱን ሳለ። ሥጋ ሻጩ ሄርማን አጥንቱን ሰበረ። ውሻው ሄርማን አጥንቱን ነክሶ ከቦዩ ዳር ሄደ። አህያው ሄርማን ሆዱን አራግፎ ተነሣ፤ እስካሁን ማን ከለከላችሁ በሚል ዓይን ሰውን አየ። ቦዩ ሄርማን ውሃውን ለቀቀ። ወፍጮው ሄርማን አንዴ አቃሰተና ዞረ። የደብሪቱ ገብስ ተፈጨ። ዱቄቱ ገና ትኩስ እንደሆነ እቤት ደረሰ፣ ውሃው ፈላ፣ ገንፎው ተገነፋ፣ መሐሉ ተጎድጉዶ በርበሬና ቅቤ ፈሰሰበት።

ጥሩሰው በላች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ደብሪቱ በእጇ አጎረሰቻት። ጥቂት ቆይቶ ከንፈሯ ረጠበ፣ ፊቷም ወዝ አገኘ። አመሻሹ ላይ ሕፃኑ ሲጠባ ወተቱን ዋጥ ዋጥ ሲያደርግ ተሰማ፤ ቀጥቃጩ ይህን ሲሰማ ወጥቶ ደጅ አለቀሰ።

ጎረቤቱ ገንፎውን ከቦ ሲበላ ሄርማን እንዴት ነው እያለ የሕፃኑን ደህንነት ጠየቀ። ቀጥቃጩ ሄርማን እንዳልሆነ ነገራቸው። ማንኪያው ሁሉ አየር ላይ ቆመ። ታዲያ ማን ነው ሲሉት ወደ እህቱ አየ፤ የለፋችው እሷ ናትና ስሙን እሷ ታውጣለት አለ። ደብሪቱ ቀሚሷ ዱቄት እንደሆነ፣ ትከሻዋን እያሸች፣ ብዙም አላሰበች።

«ይበቃል» አለች።

ጥሩሰው ከመኝታዋ ሳቀች። ይበቃል ይሁን አለች።

አንዲት ጎረቤት ማንኪያዋን እየላሰች እንዴት ደስ የሚል ስም ነው፣ የሚወለደውን ውርንጭላዬንም ይበቃል ነው የምለው አለች። ደብሪቱ ማንኪያውን ከእጇ ነጠቀቻት፤ ያንን ስም ለማንም እንዳትሰጥ በማርያም ሳታስምላትም አልመለሰችላትም።

ልጁ ዳዴ ማለት ሲጀምር አንድ ቀን ከቤት ወጥቶ ወደ ቦዩ አመራ። ጥሩሰው ከሩቅ አየችው፤ ልትደርስበትም አልቻለችም። ስሙን አንድ ጊዜ ጠራች። ሥጋ ሻጩ ፋሱን ጥሎ ዞረ፤ በአውድማው ላይ ያሉት ሰዎች መንሻቸውን እንደያዙ ዞሩ፤ ውሻውም አጥንቱን ትቶ ዞረ። አንካሳው ቀጥቃጭ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ።

ልጁም ራሱ ዞሮ ነበር።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ከገንፎው አንድ ጉርሻ እንኳ ያቀረበልኝ የለም፤ እሱም ይሁን።