ኮላውን የረሳው ስሌት

«ይሰበራል አልኩህ፤ ስንት ጊዜ ልንገርህ?» አሉ ኢንጂነር ድልነሳው ወረቀታቸውን እያውለበለቡ።

«አይሰበርም ኢንጂነር» አለ አናጢው።

አናጢው አምስት ስስ ጣውላዎችን አነባብሮ በኮላ በማጣበቅ ለአዲሱ የቀበሌ አዳራሽ ጣሪያ አንድ ወፍራም አግዳሚ ሠርቶ ነበር። ኢንጂነሩ ደግሞ አሥር ከረጢት ሲሚንቶ ሲጫንበት እንደሚሰበር አስልተዋል።

«እንግዲያው እንፈትነው። ከተሰበረ ከነገ ጀምሮ እዚህ ሥራ የለህም፤ ካልተሰበረ እፈርምልሃለሁ» አሉ።

ሠራተኞቹ አግዳሚውን በሁለት የብሎኬት ክምሮች ላይ አጋድመው ከረጢቶቹን መሃሉ ላይ አንድ በአንድ ጫኑ። አሥረኛው አለፈ። አሥራ አምስተኛው ሲጫን እንጨቱ ትንሽ ለመጥ አለ እንጂ አልተሰነጠቀም። ሁሉም ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ።

«ስሌቴ አይሳሳትም» አሉ ኢንጂነሩ። «የእያንዳንዱን ጣውላ ጥንካሬ ለብቻው አስልቼ አምስቱንም ደምሬያለሁ።»

«ድምሩስ ልክ ነው ኢንጂነር» አለ አናጢው። «ብቻ እርስዎ አምስት ብለው ደመሯቸው፤ እኔ ግን አጣብቄ አንድ አድርጌያቸዋለሁ። ኮላውን ወረቀቱ ላይ ቢረሱትም ግድ የለም፤ እኔ እንጨቱ ላይ አልረሳሁትም።»

ኢንጂነሩ ፈረሙና ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ።