ቅሏ፣ ሽሮፑና የአንለይ ሆድ

ተረት ልንገራችሁ፣ ጠጋ በሉ። ቅልም ድመትም ጠርሙስም አፍ አውጥተው ያወሩ በነበረ ጊዜ ነው አሉ።

ስንዱ የምትባል ወጣት እናት ነበረች። ልጇ አንለይ አራት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ሳልና ትኩሳት ያዘው። ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ የሳምባ ምች ነው ተባለ። ሽሮፕ ተሰጠው፤ ጠዋትና ማታ፣ ሰባት ቀን፣ ሳይቋረጥ።

ስንዱ ግን መድኃኒቱን ለመጀመር ፈራች። ባለፈው ክረምት ይኸው ሽሮፕ ተቅማጥ አስይዞት ነበር። ደንግጣ በሦስተኛው ቀን አቋረጠችው፤ በሽታውም ብሶ ተመለሰ።

ሽሮፑ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ፎከረ። «እኔ ሆድ ስገባ በሽታ ይሸሻል!»

ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው የወተት ቅል ሳቀች። «በሽታውስ ይሽሽ። ሆድ ውስጥ የሚያገለግሉትን ደጋግ ጥቃቅኖች ለምን ትነካለህ?»

«እኔ መልክ አልለይም። ያገኘሁትን እመታለሁ።»

«ለዚህ ነዋ ልጁ ሱሪው ላይ የሚለቀው!» አለች ድመት።

ሽሮፑ አፈረ።

ቅሏ ወደ ስንዱ ዞረች። «ስንዱዬ፣ አትጨነቂ። እኔ እርጎ አረጋልሻለሁ። እርጎ ውስጥ ደጋጎቹ አሉ፤ የተመቱትን ይተካሉ። ጠዋት ሽሮፑን ስጪው፣ ሁለት ሰዓት ቆይተሽ እርጎውን።»

ስንዱ ደስ አላት። ግን ቅሏን ብታሸት ኮመጠጣት፤ «ልጄ ታሞ በዚህ?» አለችና ውሃ አፈላች።

«ኧረ ተይ! ውስጤ የቀረው የትናንቱ እርጎ ነው፤ ወተቱን የሚያረጋው እሱ ነው!»

«ዝም በይ!» አለች። አንዴ በፈላ ውሃ አጠበቻት። ሁለቴ አጠበቻት። ሦስቴ አጠበቻት። በወይራ አጥና ወተት ጨመረችባት።

ረፋድ ላይ መጣች። «ቅሌ፣ ረጋ?»

«አልረጋም።»

ቀትር ላይ መጣች። «ረጋ?»

«አልረጋም።»

አመሻሽ ላይ መጣች። «እባክሽ፣ ‹ረጋ› በይኝ!»

«በምን ይርጋ? ደጋጎቹን ጠራርገሽ ጨረስሻቸው!»

ሽሮፑ ከት ብሎ ሳቀ። «እኔ ሆድ ውስጥ የማደርገውን አንቺ ቅል ውስጥ አደረግሽው! እኔስ መልክ አልለይም፤ አንቺን ምን ነካሽ?»

ስንዱ እያለቀሰች ጎረቤቷ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ሮጠች። «እትዬ፣ ለመነሻ አንድ ማንኪያ እርጎ!»

«የራስሽ ቅልስ?»

«በፈላ ውሃ አጠብኳት።»

«ምነው ልጄ! ቅል እንደ ሸሚዝ ይቀቀላል?» አሉና ሁለት ማንኪያ ሰጧት።

ወተት አፍልታ፣ ለብ ሲል ከእርጎው ጋር ቅሏ ውስጥ ጨመረችው። በማግስቱ ቅሏ ገና ሳትጠየቅ ጮኸች። «ረጋ! ረጋ! ነይ ቅጂ!»

ጠዋት ሽሮፑ፣ ረፋድ ላይ እርጎው፣ ማታ ደግሞ ሽሮፑ። አንደኛው ቀን ደህና አለፈ፣ ሁለተኛውም። ያ የምትፈራው ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ስንዱ ሱሪውን አየች፤ ደረቅ ነው። ደግማ አየች፤ ደረቅ ነው። ሦስተኛ ልታይ ስትል አንለይ ተቆጣ። «እማዬ፣ ሱሪዬን ተይልኝ!»

በሰባተኛው ቀን ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። ሳሉም የለ፣ ትኩሳቱም የለ። አንለይ ተነሥቶ የድመቷን ጅራት ጎተተ።

«ኧረ ይሄ ልጅ ድኗል፣ ያዙልኝ!» አለች ድመት።

ስንዱ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እስኪበቃት ሳቀች፣ እንባዋም መጣ።

እኔ ነግሬ ጨረስኩ፤ እናንተም ይህን ያዙልኝ። መድኃኒቱን ጀምራችሁ አታቋርጡ፤ ክፉውን ስታስወጡም ለደጉ ምትክ አስገቡለት።