ጠዋት ጠዋት የሚቆመው ፒካፕ

አንድ ጊዜ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ በሚወርድበት ተራራ ላይ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ የምትነዳ አህያ ነበረች። ሥራዋ ተራራው ላይ የታለበውን ወተት ቆላ ወርዳ እናት ለሌላቸው ግልገሎች ማድረስ ነበር። ወተቱ በጠዋት ካልደረሰ ፀሐይ ያበላሸዋል፤ ግልገሎቹም ሳይጠጡ ይውላሉ። አህያ በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም።

ጥቅምት ሲገባ ግን ነገሩ ተበላሸ። ፒካፑ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ይንተፋተፍና ቀጥ ይላል። አህያ ቁልፉን ብታዞር፣ ወርዳ ብትገፋ፣ ብትለምነው ወይ ፍንክች። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ስትሞቅ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ተነስቶ ይሄዳል።

ጋራዥ ስታደርሰው ቀትር ይሆናል። መካኒኳ ቀበሮ ኮፈኑን ከፍታ ሞተሩን አስነሳች፤ ጆሮዋንም ጣል አደረገች።

«እመት አህያ፣ እኔ አንድም ጉድለት አይሰማኝም» አለቻት።

«ጠዋት እኮ ሞቶ ነበር።»

«እንግዲያስ ባትሪው ይሆናል።»

ባትሪውን ቀየረችና ለድካሟ አንድ ጀሪካን ወተት ወሰደች። በማግስቱም ፒካፑ እዚያው አፋፍ ላይ ቆመ። ቀበሮ ናፍጣ የሚገፋውን ፖምፓ ቀየረች፤ ሌላ ጀሪካን ወሰደች። በሦስተኛው ቀንም ቆመ።

የተራራው ገዥ አንበሳ አህያን አስጠራት።

«ግልገሎቹ ሦስት ቀን ሳይጠጡ ዋሉ። ቀበሮ መኪናው ጤነኛ ነው ትላለች። ታዲያ ያረፈደው ማነው?»

«እኔም ግራ ገብቶኛል ጌታዬ። ጠዋት ይሞታል፣ ቀትር ላይ ይነሳል።»

አጠገቡ የነበረው ጅብ የወተቱን ሽታ እያሰበ ምራቁን ዋጠ። «ጌታዬ፣ መንገድ ላይ እየተኛች ነው። እኔ ልንዳው» አለ።

አንበሳም ቁልፉን ከአህያ ተቀብሎ ለጅብ ሰጠው። አህያ ቤቷ ገብታ ስታሰላስል ዋለች። «እውነት እንቅልፍ ይዞኝ ይሆን? ወይስ እርጅና?» ሁሉም አንድ ነገር ሲናገር እሷ የገዛ ዓይኗን መጠራጠር ጀመረች።

በማግስቱ ማልዳ መቀመጥ አልሆንላት ሲል የፒካፑን ዱካ ተከትላ በእግሯ ወረደች። መኪናው እዚያው አፋፍ ላይ ቆሟል። ጅብ ጢሙ በወተት ነጥቶ ጎማው ላይ ተደግፏል።

«ይሄ መኪና ግራ ያጋባል» አለ ጅብ።

«ወተቱስ አያ ጅቦ?»

«እንዳይበላሽ ብዬ ጠጣሁት።»

አህያ ስለ ግልገሎቹ ብታዝንም ቀለል አላት። ለካ ተኝታ አልነበረም። ኮፈኑን ከፈተችና በአፍንጫዋ እያንዳንዱን ዕቃ ትዳስስ ጀመር። ሞተሩ ይሞቃል፤ ናፍጣውን የሚያጣራው ፊልትሮ ግን እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ስትፈታው ናፍጣው እንደ ቅቤ ረግቶበታል። ከሥሩ የምትወጣ አንዲት ሽቦም ተቃጥላ ጠቁራለች። ይህች ሽቦ ምን እንደምትሠራ አላወቀችም፤ ማን እንደሚያውቅ ግን ገባት። በቀጥታ ወደ አንበሳ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ አብረውኝ ይውረዱ። እመት ቀበሮም ዕቃዋን ይዛ ትምጣ» አለችው።

በነጋታው አንበሳ ቁልፉን ከጅብ ተቀበለና ሦስቱም ተሳፈሩ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ፒካፑ ተንተፋትፎ ቆመ። አንበሳ ጎፈሩን ውርጭ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ወረደና ወደ ሽቦዋ አመለከተ።

«ቀበሮ፣ ይህቺ ምንድን ናት?»

«የነዳጁ ማሞቂያ ሽቦ ናት ጌታዬ። ናፍጣው በብርድ እንዳይረጋ ማሞቂያው ፊልትሮው ሥር ሆኖ ያሞቀዋል። ተቃጥሏል።»

«መቼ አወቅሽ?»

ቀበሮ መሬት መሬት አየች። «በመጀመሪያው ቀን። ማሞቂያውን ቀይሪ ያለኝ ግን አልነበረም።»

«እንግዲያስ እኔ አዝዤሻለሁ፤ አሁኑኑ ቀይሪው» አለ አንበሳ። ቀበሮ ፈጥና የተቃጠለውን ማሞቂያ ፈታች፣ የነበረበትን ቦታ ጠረገች፣ አዲሱን ናፍጣ እንዳያፈስ ከሚከላከል አዲስ ጎሚኒ ጋር ገጠመች፣ ፊልትሮውንም ቀየረች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ውርጩ ሳይመጣ፣ ማሞቂያውን ያለ ወተት እንድትፈትሽ ታዘዘች።

«እኔ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ፈረድኩብሽ» አለ አንበሳ ቁልፉን ለአህያ እየመለሰ። «ይቅር በይኝ።»

አህያ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ሞተሩን አስነሳች፤ ለወሬ ጊዜ አልነበራትም። ቆላ ስትደርስ ግልገሎቹ መንገድ ዳር ተኮልኩለው ጠበቋት። ከሁሉም የደከመችው፣ መቆም ያቃታት ትንሿ ግልገል፣ በቅድሚያ ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው ችግሩ በደረሰበት ቦታና ሰዓት ተገኝተን ሳናይ በተቸገረው ላይ መፍረድ እንደማይገባን ነው።